የቤይል ትርጉም

ባሌ ጀምበሩ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል አፍረጥርጦ ካላስረዳ እንጀራ የማይወርድለት አስተማሪ ነበር። በ1970 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ ላይ ሰው ሁሉ አፉን በዘጋበት ጊዜ፣ ምን ቢያስተምር ጥሩ ነው? «ቤይል»። የታሰረ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው፣ ዋስ ከጠራ ቤቱ ይገባል ብሏቸው እርፍ! ለምሳ ሲመጣ ነገረኝ። አንተ ሰውዬ፣ ቃል ጠፋ ወይ ብዬ ጮኽኩበት። «ሳህሊቱ፣ መጽሐፉ ላይ ያለ እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ረዲያ ናት፤ የጫት ነጋዴው የአቶ አብዱረዛቅ ልጅ። በክሪ የሚባል ወንድሟ ቀበሌ ውስጥ ታስሮ ወር አልፎታል። የሰማችውን ሄዳ ለአባቷ ነገረች። በእኛ አገር ደግሞ ዋስ መሆን ክብር ነው፤ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ጎረቤት አስከትሎ ነው የሚሄደው። አቶ አብዱረዛቅም ልጆቻቸው የታሰሩባቸውን አባቶች፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ሰብስበው በጠዋት ቀበሌ ሄዱ። ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እሳቸው ግን የሰው ውለታ መብላት ነውር ነው የሚሉ ሰው ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ቆመው፣ ይህን ያሳወቁን መምህር ጀምበሩ ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው ብለው አረፉት። መመረቃቸው ነው እንግዲህ።

ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጀምበሩን ከክፍል አስጠራው፤ እኔም ሰምቼ እየሮጥኩ ደረስኩ። ቃሉን በአባቶቹ ፊት እንዲያስረዳ በትሕትና ጠየቀው። ተሳስቻለሁ ካለ ይተርፋል፣ ይኼ ለሁላችንም ገብቶናል። እኔ በልቤ በል እንጂ፣ በል እንጂ እላለሁ። እሱ አባቶቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«እንዳስተማርኩት ነው» አለ።

«ጥሩ። ለአንተስ ማን ዋስ ይሆናል?» አለ ሊቀመንበሩ።

አቶ አብዱረዛቅ ቆባቸውን አስተካክለው «እኔ አለሁ» አሉ። ሊቀመንበሩ ሁለቱንም ወደ እስር ቤቱ አስገባቸው። ሌሎቹ አባቶች ጋቢያቸውን ሰብስበው ተበተኑ። እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል፣ ግን አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በኋላ እኔና የአቶ አብዱረዛቅ ሚስት ጣሂራ በየቀኑ ምሳ ይዘን አብረን እንሄድ ጀመር። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ስለማይደባለቅ እኔ ለባሌ፣ እሷ ለባሏ፣ ለየብቻ ነው የምናበስለው። ጠባቂው ሳህኖቹን ያስገባልናል፣ ቆይቶ ባዷቸውን ይመልሳል። ባዶ ሲመለስ በልተዋል ማለት ነው፣ በሕይወት አሉ ማለት ነው። እኔም ጣሂራም በዚያው ተጽናንተን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

አንድ ቀን ጠባቂው እንደ ወትሮው ሁለቱንም ሳህን ባዶ አድርጎ አወጣልን። ፊታችንን ሳያይ «ከነገ ጀምሮ አንድ ሳህን ይበቃል» አለን።

የማንኛችን እንደሆነ አልነገረንም። ጣሂራ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። የማን ብለን የመጠየቅ ወኔ ከየት ይምጣ? በማግስቱ ሁለታችንም አብስለን ሄድን።