የጥጥ ሆድ

በእኛ ሰፈር በዓል መድረሱ የሚታወቀው በዘይትና በዱቄት ነው። ለሕዝቡ የሚታደለውን የጫነው መኪና መጥቶ ጤና ጣቢያው ግቢ ያራግፋል፤ ሌላ አጥር ያለው ግቢ የለንማ። ውሃችን ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች። መንገዱ ዝናብ ከጣለ ታክሲ አያስገባም፤ አምቡላንስማ ለወሬም አንስተነው አናውቅ። አስተዳዳሪያችን ይህ ሁሉ ሲነገረው ድምፁን ለስለስ አድርጎ "ከበዓሉ በኋላ" ይላል። እኛም ስሙን "ከበዓሉ በኋላ" ብለነው አረፍን። ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ። ምላጬን ጉሮሮው ላይ አድርጌ ስለ ውሃው ብጠይቀው እንኳ መልሱ ያው ነበር።

የእደላው ወረፋ የራሱ ሕግ አለው፤ ነፍሰ ጡር ቅድሚያ ታገኛለች። ይህ ከተነገረ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ወደ አማቴ መመላለስ ጀመሩ። አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀው፣ ከጀርባ የሚታሰር ሆድ ይሰፉላቸዋል። የአምስት ወርም የዘጠኝ ወርም አላቸው። "ምን ላድርግ? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲበላቸው ውለው 'አልቋል' ይባላሉ" ይሉኛል። ዘበኛውም ያውቃል፣ ሰልፈኛውም ያውቃል፣ ተስቆ ይታለፋል። እኔም ስንቴ ስቄያለሁ።

የእኛ ግን የጥጥ አልነበረም። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሦስተኛው ሲመጣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ "ከአልጋ እንዳትነሺ፤ ምጥ ሲጀምርሽ ደግሞ አንድም ደቂቃ እንዳትቆዪ" አለቻት። እኛም ፈርተን ለጎረቤት ትንፍሽ አላልንም። ወራቱን ቤት ዘግታ፣ ጣሪያ እያየች ገፋችው።

ምጡ የያዛት በበዓሉ ዋዜማ፣ ጠዋት ነው። እኔ በአንድ በኩል፣ አማቴ በሌላው ደግፈናት ስንደርስ ሰልፉ ከጤና ጣቢያው በር አልፎ ዋናው መንገድ ወጥቷል።

"እባካችሁ አሳልፉን፤ ምጥ ይዟት ነው" አልኩ።

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። አትክልት ሻጯ አማቴን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። "እትዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ ለገዛ ልጅዎ ሰፉላት? ወይ ግሩም! ጥጡን ሳይሰስቱ ነው የጠቀጠቁት!"

"የእውነት ነው! በእሷ በልጄ እምላለሁ!" አሉ አማቴ።

"ባለፈውም ምለውልኝ ነበር እኮ" አለ ዘበኛው በሩ ላይ ተገትሮ። "ተራ ይያዙ፣ እናቴ።"

ሚስቴ ጮኸች። አንዷ አጨበጨበችላት። "ይቺስ ታውቅበታለች!" እኔ እለምናለሁ፣ እሳደባለሁ፣ እገፋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ተራቸውን እንዳልቀማቸው ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ልታጋልጣት ብላ እጇን ሰደደችና ሆዷን ጫን አደረገችው። ወዲያው እጇን ሰበሰበች፤ ፊቷ አመድ ሆነ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የእውነት ነው!"

ያን ጊዜ ሰልፉ ተከፈለ። ሲስቁ የነበሩት ራሳቸው ተሸክመው አስገቡልን፤ አትክልት ሻጯ ደረቷን እየደቃች ትከተላለች። አልፈርድባቸውም። ግን በዚያ በር ላይ ብዙ ቆይተን ነበር።

አዋላጇ ኮሪደሩ ላይ ተቀበለችን። ማዋለጃ ክፍሉ ተቆልፏል። "ዘይቱን ሞሉበት። አልጋዬም፣ የሕፃን ማስተንፈሻዬም ከካርቶኑ ኋላ ነው ያለው። ቁልፉ አስተዳዳሪው ኪስ ነው፤ ሩጥ!"

ሮጥኩ። አስተዳዳሪው ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጦ እደላውን የሚቀርጸውን ካሜራ ይጠብቃል።

"ቁልፉን ይስጡኝ፤ ሚስቴ እየወለደች ነው!"

"እንኳን ደስ አለህ!" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ካሜራው ሳይደርስ ከከፈትነው ይዘረፋል፤ ትንሽ ታገስ። ለአንተ ሁለት ጀሪካን አስቀምጥልሃለሁ።"

ኮሌታውን አነቅሁት። "ቁልፉን አምጣ፣ አንተ!" ጠባቂዎቹ መሬት ላይ አነጠፉኝ። እሱም ሰው እያየው መሆኑን ሲያውቅ ቁልፉን ወረወረልኝ።

ስመለስ ልጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተወልዷል። ወንድ ነው። አዋላጇ ተንበርክካ በአፏ ትንፋሽ ትሰጠዋለች። ከሴቶቹ ጋር በሩን ከፍተን ካርቶኑን ወደ ኮሪደር መወርወር ያዝን፤ ዘይቱ እየፈሰሰ እግራችንን ያዳልጠናል። ማስተንፈሻውን አግኝቼ ስወጣ አዋላጇ ቀና ብላ አየችኝና ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችው። ውጭ ድምፅ ማጉያው ስለ ሕዝብ ፍቅር ያወራል፤ ጭብጨባም ይሰማል።

ከቀብሩ ማግስት አስተዳዳሪው ቤታችን መጣ። ካሜራ፣ አንድ ጆንያ ዱቄትና ሁለት ጀሪካን ዘይት አስከትሏል። "ያጽናችሁ" አለን። ጆንያውን ልወረውርበት ብድግ ስል አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ተው ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ቤቱ ሙሉ ለቀስተኛ ነው። ምን ልንሰጣቸው ነው? ሚስትህስ ከወለደች ወዲህ ምን ቀምሳለች?"

ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። አማቴ ተቀበሉ፤ ካሜራው አነሳቸው። ዱቄቱንም አቦኩት፣ ዳቦው ደረሰ፣ ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ በላ። እኔ አልበላም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አማቴ አንድ ቁራሽ ሚስቴ እጅ ላይ አኖሩ። ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ይዛው ብዙ ቆየች፤ ከዚያ መብላት ጀመረች። ጨርሳ፣ ቀሚሷ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪም ለቀመችው።

"እማዬ፣ ሌላ አለ?" አለች። ርቧት ነበር።