ለልጁ የታሰበው መርፌ

ጸጉር አስተካካዩ ሕፃኑን አቅፎ፣ ትልቋን ልጁን በእጁ ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስከትቦ ሊገላገል ነበር። ባለፈው ዓመት ትልቋ በኢንፍሉዌንዛ ታማ ኦክስጅን እስኪሰካላት ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ቤቱን ምሽግ አድርጎታል። ጎረቤት ከደጅ ይመለሳል። አማቱማ አዲሱን የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በመስኮት ነው፤ በሽታውን አመጡ ተብለዋላ። ማን አለ? እሱው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ነርሷ ትልቋን ወጋቻት። ሰውዬው ደግሞ የሕፃኑን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረ።

"ተወው ልጄ፣ እሱ አይከተብም" አለች ነርሷ። "ስድስት ወር ላልሞላው አይሰጥም።"

"ታዲያ ጉንፋኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ይጠብቀዋል?"

"አይጠብቀውም። ለዚህ ነው አንተ የምትከተበው።"

ግራ ገባው። "ሲስተር፣ እኔ ተወግቼ እሱ ሊድን? ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?"

"እሱ ከቤት አይወጣም። በሽታውን ሰው ነው ይዞለት የሚገባው። ሥራህ ምንድን ነው?"

"ጸጉር አስተካካይ ነኝ።"

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። የባሰ ያዞረበት ይሄ አስተያየቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስለውም የሚያስነጥሰውም አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ነው የሚውለው። አምና እሱንም ሳል ይዞት ነበር። ከልጅቷ በፊት ነው በኋላ? አማቱስ ያኔ አሟቸው ነበር ወይስ እሱ ነው ያሳመማቸው? አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

"አምና ሳል የያዘኝ መቼ ነበር?" አላት ትልቋን።

"እኔ ከመታመሜ በፊት ነዋ። ተረት ስትነግረኝ ሳልህ ሲያቋርጥህ እኔ እጨርስልህ ነበር።"

ፊቱ በእፍረት ጋለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሕፃኑን ለነርሷ ረዳት ሰጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ፤ መርፌ ስለሚፈራ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲወጣ አማቱ ጋ ደወለ።

"እማማ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ይከተቡ።"

"እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?"

"ምንም አልሆኑም። ክትባቱ ወዲያው አይሠራም፤ ሁለት ሳምንት ይሙላው፣ ከዚያ መጥተው ልጁን ያቅፉታል።"

 

"በበሩ ገብቼ?" አሉት።