ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ

ቤት ሊያጡ የተቃረቡ ሰዎችን በሚደግፈው ቢሮ የምትሠራውን ሴት ሰዉ ሁሉ «ደላላዋ» ይላታል። እሷም አይከፋትም፤ «ኮሚሽን የማላውቅ ደላላ ነኝ» እያለች ራሷም ትቀልዳለች። ሥራዋ ግን እንደ ቀልዷ ቀላል አይደለም። ሊባረር የደረሰውን ከአከራዩ ጋር ታስታርቃለች፣ ለተባረረው ሌላ ጣራ ትፈልጋለች፣ ጣራ ያገኘው ደግሞ እንዳያጣው እየተመላለሰች ታየዋለች። ከሁሉም የሚከብዳት የመጨረሻው ነው። ቤት ማግኘት የአንድ ሰሞን ሩጫ ነው፤ ቤት ይዞ መቆየት ግን ማለቂያ የለውም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ቢሮዋ መጣች። ቀጭን ናት፤ የስፌት መኪናዋን ጭንቅላት በሻሽ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ከኋላዋ በሩን የሚሞላ ትልቅ ሰው ገባና ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ልጇ ነው። ጎልማሳ ሆኗል፤ ፊቱ ላይ ግን የሕፃን ፍርሃት አለ።

«ከቤት ውጡ ብለውን ነው፣ ልጄ» አለች እናትየው።

«ኪራይ ተስተጓጉሎ ነው፣ እማማ?»

«ኧረ እኔን አፈር ያርገኝ! ኪራይማ ከጉሮሮዬ ነጥቄም ቢሆን ቀኑን አሳልፌ አላውቅም። የኛ ጥፋት...»

አልጨረሰችም። ልጁ ቀና ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ቃል የለውም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ መስኮት የሚያርገበግብ ድምፅ ነው። የወዲያኛው ጠረጴዛ ሠራተኛ ሻዩን ልብሱ ላይ ደፋው። ልጁ ወዲያው ፀጥ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ጥፋታችን ይቺው ናት» አለች እናትየው፣ ጉልበቱን በእጇ እየዳበሰች። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይሉ የለ? የኔ ልጅ ሲጮህ ጊዜ ጎረቤት አባረረን።»

ደላላዋ ሳትወድ በግድ ሳቀች። አሮጊቷም ሳቀች። ሰፈርተኛው ልጁን «ደወል» እያለ እንደሚጠራው፣ አእምሮው የታወከው በአፍላነቱ እንደሆነ፣ መድኃኒት ሌላ ሌላውን ሁሉ ሲያስታግስለት ጩኸቱን ብቻ እንዳልነካው ነገረቻት። በሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። በዚች ጩኸት የተነሳ ግን እናትና ልጅ የከተማውን ግማሽ ዞረውታል።

ፍለጋው ተጀመረ። ደላላዋ እውነቱን ደብቃ ቤት መያዝ ትችል ነበር፤ ግን የተደበቀ ነገር በሁለተኛው ሳምንት ጣራ ላይ ወጥቶ እንደሚታይ ታውቃለች። ስለዚህ በየበሩ እየቆመች ልጁ እንደሚጮህ ትናገራለች፣ በየበሩም ፊት ትነሳለች። አንዱ «ልጆቼ ይባንናሉ» ይላታል። ሌላዋ «እኔ የማከራየው ቤት ነው፣ ሆስፒታል አይደለም» ብላ መዝጊያውን ላይዋ ላይ ድርግም ታደርገዋለች። ወዳጅ የመሰላት አንድ ሰውዬ እንኳ ቡና ጋብዞ፣ ሲያዝን ሲያዝን ቆይቶ፣ እምቢ አላት።

ከዚያ ሰውዬ ቤት ወጥታ መንገድ ዳር በስልክ ስታወራ ነው ዕድል የቀናት። ካጠገቧ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ተነሳና የራሷን ድምፅ መስማት አቃታት። ተናዳ ዞር ስትል አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላት። ስልኩን ዘግታ ሰተት ብላ ገባች።

አናጢው እስከ ቅንድቡ ሰጋቱራ የለበሰ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጆሮውን ማሽኑ የበላበት ሽማግሌ ነው። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ጣውላ የሚያስቀምጥባት አንዲት ክፍል አለችው።

«ጋሼ፣ ክፍሏን ያከራዩኛል? ለእናትና ልጅ ነው!»

«ምን አልሽ?»

«ልጁ ግን ይጮሃል!»

«ምን ያደርጋል?»

«ይጮሃል!» አለች፣ እሷ ራሷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኻ።

አናጢው ማሽኑን አጠፋ። «ይጩኻ! እኔስ ቀኑን ሙሉ ምን እየሠራሁ ነው? አንቺስ ብትሆኚ አሁን ምን እያረግሽ ነው?»

እናትና ልጅ በዚያው ሰሞን ገቡ። በሥራ ሰዓት የማሽኑ ጩኸት የልጁን ይውጠዋል። ችግሩ ማሽኑ በሚያርፍበት ሰዓት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለች አንዲት ሴት፣ አፏ እንደ መላጊያ የተሳለ፣ እከስሳለሁ ብላ ተነሳች። ደላላዋ ክስ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ሴትየዋን እጇን ይዛ ክፍሏ ድረስ አመጣቻት። ሴትየዋ ልጁ ለእናቱ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባላት አየች፤ ስትወጣ «የመጋረጃዬ ጠርዝ ተተርትሮ ነበር፣ ትሰፊልኛለሽ?» አለች። ከዚያ ወዲህ እሷው ራሷ ሌላውን ጎረቤት ትቆጣ ጀመር። «እናንተ ስትሰክሩ አትጮሁም?»

ደላላዋ በየጊዜው ብቅ ትላለች። አንድ ቀን ስትመጣ አሮጊቷ ግድግዳው ላይ ሚስማር ስትመታ አገኘቻት፤ ኮት መስቀያ ነው።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሌላ ቤት ሚስማር መትቼ አላውቅም» አለች። «ነገ ለሚነቀል ሰው ሚስማር ምን ያረግለታል?»

ነገር ግን ጣራ ሲገኝ ዕድሜ አለቀ። አሮጊቷ ስትስል ከረመች። ስትጠየቅ «ሰጋቱራው ነው» ትላለች። ሰጋቱራው አልነበረም። ሐኪም ቤት ተኝታ ደላላዋ ልትጠይቃት ስትገባ እጇን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ለኔ አታልቅሺልኝ። ክፍሏን ብቻ እንዳያስለቅቁት። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል፤ የሰው በር ማንኳኳት እንዴት እንደሚያደክም አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

በሁለተኛው ቀን አረፈች። አናጢው የሬሳ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካበት ብሎ ብቻውን ሠራው። በቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ልጁ አልጮኸም፣ አላለቀሰም፤ አፈሩ ሲመለስ ዝም ብሎ አየ።

ደላላዋ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ያለ እናቱ ያከራዩታል ወይ ብላ ሰግታ፣ ብዙ የልመና ቃል አዘጋጅታ አናጢው ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው አላስጨረሳትም። «ማን ውጣ አለው? ቤቱ ነው። ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርድልኛል፤ እጁ ከኔ እጅ ይሻላል።» ባለመጋረጃዋ ጎረቤት ደግሞ መድኃኒቱን በየቀኑ አስውጠዋለሁ አለች። ሁሉም ነገር መልክ መልክ ያዘ። ደላላዋም ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አለች።

እፎይታዋ ሳምንት አልሞላም። አናጢው ደወለላት። «ልጁ የለም። ብርድ ልብሱም፣ ልብሱም፣ የእናቱ የስፌት መኪናም የለም።»

የት ይፈለጋል? ግራ ቢገባት፣ እናትየው በጨዋታ መሐል ያነሳሳቻቸውን የቀድሞ ቤቶች አንድ ባንድ መዞር ጀመረች። አንደኛው በር ላይ «አዎ፣ ትናንት እዚህ ተቀምጦ ነበር፤ አባረርነው» አሏት። ሁለተኛውም በር ላይ እንደዚያው። ልጁ ከተባረረበት ወደተባረረበት እየሄደ ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ሲጀምር፣ ከሁሉ ቀድሞ የኖሩበት ቤት፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ ደረሰች። አየችው። ጓዙ ላይ ተቀምጧል፤ የስፌት መኪናውን ዝናብ እንዳይነካው በኮቱ ሸፍኖ ጭኑ ላይ ይዞታል።

ዘበኛው ቀረብ አለ። «ከማለዳ ጀምሮ ነው፣ እትዬ። ንቅንቅ አልልም አለ።»

ደላላዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «እዚህ ምን ታረጋለህ፣ ወንድሜ?»

«እማዬን እየጠበቅኩ።»

«እማዬ የት ሄዳ?»

«ቤት ልትፈልግ» አለ፣ ይሄ እንዴት ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «ዕቃውን ጠብቅ፣ ከዚህ እንዳትነሳ ብላኛለች።»

ያኔ ነው ደላላዋ የገባት። በተባረሩ ቁጥር እናትየው ልጇን ከነጓዙ የለቀቁት ቤት በር ላይ ታስቀምጠውና ቤት ፍለጋ ትሄድ ነበር። ታመሽ እንደሆነ እንጂ ሳትመለስ ቀርታ አታውቅም። አሁንም የለችም፤ ስለዚህ ቤት እየፈለገች ነው። የትኛው በር ላይ እንደምትመጣ ስላላወቀ ሁሉንም በር ይጠብቃል።

«ቀብሩ ላይ አብረን አልነበርንም እንዴ?» አለችው በቀስታ።

«ነበርን። ታዲያ አሁን የት ነው የምታድረው?»

«ቤት ተገኝቷል፣ እናትህ ናት የላከችኝ» የሚል ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ቢሰማው እየሮጠ ይነሳ ነበር። ከዚያ ግን ክፍሏ ገብቶ ጥግ ጥጉን እናቱን ሲፈልግ ታያት። ውሸቱን ዋጠችው።

«እናትህ ከእንግዲህ አትመጣም። ሞታለች፣ ወንድሜ። ቤት መፈለጉን ጨርሳ ነው የሞተችው። ከአናጢው ጀርባ ያለችው ክፍል ያንተ ናት።»

«እሷ ሳትመጣ ዕቃውን አላነሳም።»

«እሺ። አብሬህ እቀመጣለሁ።»

እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ በረታ። በስልክ የጠራችው አናጢ በጭነት መኪና ደረሰ፤ ወርዶ ጓዙን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ደላላዋ በዓይኗ ከለከለችው። ሽማግሌውም ነገሩ ሳይገባው፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ከወዲያኛው ጎኑ ተቀመጠ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁ ቀና አለ። ጮኸ። እስከዛሬ ጩኸቱ ቃል አልነበረውም፤ የዛሬው ነበረው። «እማዬ!» አለ። «እማዬ!» የብረቱ በር ተከፈተ፣ ፎቅ ላይ መስኮቶች ተከፈቱ። አንድም ሰው ዝም በል አላለውም። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፣ ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ጆሮው የከበደው አናጢ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁ እስከዛሬ ክፍሏ ውስጥ ነው። ጣውላ ይሞርዳል፣ መድኃኒቱን ይውጣል። ግን አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ብድግ ብሎ ይሄድና ከድሮ በሮቹ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ከአከራዮቹ አንዳንዶቹ አሁን ማባረሩን ትተው ለደላላዋ ይደውላሉ። አንዷ ግን ዛሬም ውሃ ትደፋበታለች።

የቢሮው ኃላፊ በቅርቡ ደላላዋን አስጠርቷት ነበር። «ሰውዬው ቤት አግኝቷል አይደል እንዴ? ወረፋ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ። ለምን ይሄን ጉዳይ አትዘጊውም?»

እውነቱን ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው። «ይዘጋል፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ብላው ወጣች። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ስልኳ ጮኸ፤ የአረንጓዴው በር ዘበኛ ነበር። ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች። ደርሳም ልጁን አላናገረችውም፣ እንነሳም አላለችውም። አጠገቡ ተቀምጣ ጃንጥላውን በላዩ ያዘችለት፣ እሱ ራሱ «ልነሳ» እስኪላት ድረስ።