ሽማግሌ ያልተላከበት ጭፈራ

ደርበው ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ልማታዊ መንግሥት ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሑድ ከደምበጫ እስከ ቡሬ እየዞረ ሠርግ ላይ ይዘፍናል። ከሁለቱ የትኛውን ከልቡ እንደሚሠራ ተማሪዎቹ ያውቁ ነበር፤ ለርእሰ መምህሩ ግን አልነገሩበትም፣ እነሱም ከትምህርቱ ዘፈኑን ይመርጡ ነበርና።

ይህ ሰው አልበም ላውጣ ብሎ ተነሣ። አልበም ሲል የድሮውን ነው፤ ሰው ካሴት ገዝቶ፣ ሽፋኑ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ አንብቦ፣ ከፊተኛው ዘፈን እስከ ኋለኛው ቁጭ ብሎ በሚያደምጥበት ዘመን ይሠራ የነበረውን ዓይነት። የደርበው አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሠርግ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን ሽማግሌ ይላካል፤ በሁለተኛው የልጅቱ አባት «እስቲ ዘመድ እናማክር» እያለ ቀጠሮ ያራዝማል፤ ከዚያ ሚዜ ይመረጣል፣ ዳስ ይጣላል፣ ይጨፈራል፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ተላቅሳ ትወጣለች፤ በመጨረሻው ዘፈን ቅልቅል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ለደርበው ሙሽራዋን ትቶ ሚዜውን እንደ መዳር ነበር።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ አያ እጅጉ ናቸው። ቡሬ አጠገብ ገጠር የሚኖሩ ማሲንቆ ተጫዋች ሲሆኑ፣ ደርበው ዘፈን የተማረው እሳቸውን እየተከተለ ነው። አያ እጅጉ ሠርግ ቤት እንደገቡ አይዘፍኑም። መጀመሪያ ማሲንቆውን ለብቻው ያናግሩታል፤ ቀስ ብለው፣ ረዘም አድርገው፣ የሚያወራው አፉን እስኪዘጋ፣ የሚበላው ጉርሻውን እስኪውጥ። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው የሚወጣው። ልጆቻቸው ማሲንቆውን አልፈለጉትም፤ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ የመጋዘን ጥበቃ ሆነዋል። ደርበው ስለ አልበሙ ሲያማክራቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እጄ መንቀጥቀጥ ጀምራለች፣ ልጄ። ጨርሳ ሳትከዳኝ አንድ የማይጠፋ ቦታ አስቀምጠኝ።»

ደርበውም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው የእርስዎ ማሲንቆ ይኖርበታል ብሎ ቃል ገባ። ቃል መግባት ምን ይከብዳል።

ይዟቸው አዲስ አበባ ወረደ። አቀናባሪው የሺጥላ ደምበጫ ተወልዶ ደምበጫ ያደገ፣ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ደምበጫን በካርታ ላይ እንኳ አይቷት የማያውቅ የሚመስል ጎረምሳ ነው። አያ እጅጉን ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጦ ይጀምሩ ቢላቸው ሰዉስ የታለ ብለው ጠየቁት። ሰው አያስፈልግም አላቸው። ሰው ከሌለ ታዲያ ማንን ጸጥ ላሰኝ ብለው እምቢ ስላሉ፣ ደርበው ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሠርገኛ ሆነላቸው። ያን ዕለት አያ እጅጉ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። የሺጥላ እንኳ ስልኩን መነካካት ትቶ አዳመጠ። ደርበው እንባው መጥቶ ጣራ ጣራውን አየ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የሺጥላ ደወለ።

«ብሮ፣ አልበም አሁን ማን ይሰማል? ሰው ዩቲዩብ ላይ ዐሥር ሰከንድ ቢሰጥህ ነው። በዐሥር ሰከንድ አንተ ገና ሽማግሌ እየላክህ ነው።»

መፍትሔውንም አብሮ ይዞ ነበር የደወለው። የጭፈራው ዘፈን ለብቻው ይውጣ፤ ተመልካች ካመጣ አልበሙ ይከተላል። ደርበው ተከራከረ፤ ሥነ ምግባር አስተማሪ አይደል፣ በጨዋነት ተከራክሮ በጨዋነት ተረታ። መረታት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ መቆሚያ የለውም። በመጀመሪያ የማሲንቆው መንደርደሪያ ወጣ፤ ሰው እሱን ሲጠብቅ ወደ ሌላ ዘፈን ይሄዳል ተባለ። ቀጥሎ አዝማቹ ከመሀል ተነቅሎ ፊት ተተከለ። በመጨረሻም ከድምፁ ሥር የቀረው ማሲንቆ ይሻክራል ተብሎ በኪቦርድ ተተካ፤ ማሲንቆ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ማሲንቆ ነው ሊለው ይችላል። ደርበው እምቢ ሊል ይችል ነበር። አላለም። እውነቱን ለመናገር የተረታው በየሺጥላ ብቻ አይደለም፤ መታየት እሱንም አምሮት ነበር።

ዘፈኑ ወጣ። ያን ጊዜ ስሙን ብንተወው የሚሻል አንድ ጽሕፈት ቤት «የአካባቢያችን ልጅ» ብሎ በደስታ ሰከረና ተመልካች የማብዛት ንቅናቄ ዐወጀ። ሠራተኛው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ እንዲያይ ታዘዘ። ስማርት ስልክ ያለው ከፈተ፣ የሌለው በጎረቤቱ ትከሻ ላይ አጮለቀ። በሳምንቱ ግምገማ ተቀመጡ። ዘፈኑን ከመሀል አቋርጦ ሻይ ሊጠጣ የወጣ አንድ የሰው ኃይል ባለሙያ ተነሥቶ ግለ ሂስ አደረገ፤ ችግሩ የአመለካከት እንጂ የኔትወርክ እንዳልሆነም አመነ። አፈጻጸሙ ከዕቅድ በላይ መሆኑ ተመዝግቦ ለበላይ አካል ተላከ። ዘፈኑን ወደድኸው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

የሺጥላ በቁጥሩ ተደስቶ ሌላ ነጠላ ዘፈን፣ እንዲያውም ካለፈው ያጠረ፣ እንዲልክለት ጠየቀ። ደርበው አልበሙስ ቢለው፣ ሥራ ይዣለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወሬው ቡሬ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አያ እጅጉ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አዲስ ከዘራ ይዘው ደርበው በተከራያት ክፍል ደጃፍ ቆሙ። እንዴት ከረሙ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የበርበሬው ነገር፣ ሁሉም በወጉ ተጠየቀ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ካሴቱን ሊያዩት ነው።

ደርበው አሁን ካሴት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ዘፈኑ ያለው ስልክ ውስጥ እንደሆነ አስረዳቸው። ስልኩን ተቀብለው አገላበጡት። የሚፈልጉት ስማቸው የተጻፈበትን ሽፋን መሆኑ ለደርበው ሲገባው ፊቱ ጋለ። ማሲንቆዎ ተቆርጧል፣ አያ እጅጉ፤ አራት ቃል ናት። እሷን ተዋትና ስልኩን ተቀብሎ ዘፈኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ከመሀል ጀመራችሁት? ይኸ ጭፈራው ነው እኮ፤ ሽማግሌ ሳይላክ» አሉ።

ዘመኑ እንዲህ ሆኖ ነው አላቸው። እሺ፣ ዘመኑን የምታውቁ እናንተ ናችሁ ብለው ተቀበሉት።

እዚህ ላይ ነገሩ ባበቃ ነበር፤ ስልኩ ግን የራሱ ሠርግ ነበረው። የደርበው ዘፈን ሲያልቅ ማንም ሳይነካው የሌላ ሰው ዘፈን ጀመረ። ደርበው ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። አያ እጅጉ ከዘራቸውን አንሥተው እጁን መለሱት፤ ተወው፣ ሁለተኛውን ልስማው አሉ።

ደርበው እጁን ሰበሰበ። ሁለተኛው ዘፈን የአንድ ቀጭን ድምፅ ያለው የጎንደር ልጅ ነበር። አያ እጅጉ ትንሽ አዳምጠው ጉንፋን ይዞህ ነበር መሰል ብለው አዘኑለት። ሦስተኛው ላይ ሴት ስትዘፍን ፊታቸው በራ፤ ሙሽራዋንም ማስገባቱ ደግ ሐሳብ ነው አሉ። ቀጥሎ በትግርኛ ተዘፈነ። ግራ ገባቸው፤ ቆይተው ግን ሙሽራዋ የሩቅ አገር ሰው ኖራለች ብለው ራሳቸው አስታረቁት። ስልኩ ያመጣውን ሁሉ ከሠርጉ አንድ ቦታ ፈልገው ያስቀምጡት ነበር፤ አንድም ዘፈን አላቋረጡ፣ አንድም ቃል አላለፋቸው። ደርበው አልበሙን እንዲህ የሚያደምጥለት ሰው ሲመኝ ኖሮ አሁን አግኝቶታል። የጎደለው አልበሙ ብቻ ነው።

ደርበው ራሱን ጠላ። ቢያጠፋው ይነግራቸዋል፤ ቢተወው ይዋሻቸዋል። እየተወው ዘፈን በዘፈን ላይ ተከታተለ።

በመጨረሻ አያ እጅጉ ከሐፍረት ጋር፣ እንደ ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ደርበው፣ ኧረ እኔ የቱ ላይ ነኝ?»

ደርበው መሬት መሬት አየ።

«ቀጣዩ ላይ ነዎት፣ አያ እጅጉ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቀና ብለው ተቀመጡ። ዘፈኑ አለቀ። ስልኩ ጥቂት አሰበና ሌላ ጀመረ፤ ከበሮ በኮምፒውተር የሚደልቅበት የጎረምሶች ዘፈን ነበር። አያ እጅጉ እሱንም በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰምተው ደርበውን ቀና ብለው አዩት።

«ቀጣዩ ላይ» አለ ደርበው ደግሞ።