ግሪስ ያልነካው ወገን

ታሂር ጎሊና ወንዝ ዳር የላንድሮቨሩን ኮፈን ከፍቶ ባጎነበሰ ጊዜ፣ በሹፍርና ዘመኑ ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን ነገር እያደረገ ነበር። ሆን ብሎ ሥራ እያበላሸ ነበር።

ቆቦ ውስጥ የቤንዚን መኪና ይዞ በክረምት ወንዝ የሚሻገር ሹፌር ማነው ቢባል የሚጠራው እሱ ነው። የናፍጣ መኪና ምን ቸገረው፤ ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ ገብቶም እያጓራ ይወጣል። የቤንዚን ሞተር ግን እንደ ድመት ውሃ ጠል ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ አለ፤ ሹፌሮች ዲስትሪቢዩተር ይሉታል። ከክዳኑ ሥር ትንሽ ውሃ ከገባ ካንዴላዎቹ እሳት ያጣሉ፣ ሞተሩም እመሐል ወንዝ ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ታሂር ውሃ ዳር በደረሰ ቁጥር ይወርዳል። ቬንትሌተሩ ውሃ እየቀዘፈ ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ይፈታል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ዙሪያውን ግሪስ ይለቀልቀዋል፤ በላዩ ከካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ የተቆረጠ ጎማ ጠምጥሞ በሲባጎ ጥፍንግ ያደርገዋል። ሰው የገዛ ቁስሉን ሲያስር እንኳ እንዲያ አይጠነቀቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን በራዲያተሩ በኩል ያለውን ወገን ግሪስ አላስነካውም። ጎማውንም ከሥሩ ጣት እስኪያስገባ አላላው። ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም አይታወቅም።

ምክንያቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ከደጋ ተመድቦ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ሙላት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ሊለቅም መኪናዋን ከነሹፌሯ ወስዷል። ከሚለቀሙት አንዱ ሰላሁዲን ነው፤ የታሂር ታላቅ እህት የራህመት የበኩር ልጅ። ደርግ በዚያ ክረምት ብዙ ወጣት ይፈልግ ነበር፤ ከሄዱት የተመለሰ ግን በሰፈሩ ማንም አላየም። ልጁ ወደ አፋር ይሽሽ ቢባል በምትኩ አባቱን ያስሩታል። እናም ታሂር በገበያተኛ ቃል ላከ፦ «አይሽሽ። መኪናዋ አትሻገርም። ወላሂ አትሻገርም።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከጎብዬ በኩል ያለው ጥርጊያ መንገድ ዋልካ ጭቃ ሆኖ ተዘግቷል፤ ያለው መሻገሪያ ይሄ ብቻ ነው። ሞተሩ ውሃው መሐል ይጠፋል፣ ወርደው ይገፏታል፣ ወደ ቆቦ ይመለሳሉ። ካድሬውም ኮታውን ከሌላ ቀበሌ ይሞላል። ሌላ ቀበሌ ማለት የሌላ እናት ልጅ ማለት እንደሆነ ታሂር አልጠፋውም። ሰው ነውና የራሱን አስቀደመ።

«አለቀ?» አለ ጓድ ሙላት ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ።

«አልቋል ጓድ።»

ገቡ። ታሂር ውሃው ከፍ እንዲል በልቡ እየለመነ ነዳ። ጎሊና ግን ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነው፤ ከጎማው ወገብ አላለፈም። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነጥስ ማዶ ወጣ። ሚሊሻው እንድሪስ ከኋላ «አያ ታሂር እኮ አስማተኛ ነው!» ብሎ አደነቀ። ታሂር ወሽመጡ ተቆረጠ።

መንደር ሲደርሱ ሰላሁዲን ቤቱ ነበር። ለምን ይደበቃል? አጎቱ ምሎለታል። ከጓዳ ሲያወጡት ገና ከእርሻ መመለሱ ነበር፤ እግሩ ላይ ጭቃው አልደረቀም። ራህመት ካድሬውን ቀና ብላ አላየችውም። ያየችው ወንድሟን ነው።

«አትሻገርም ብለህ ነበር እኮ፣ ታሂር።»

ብትሰድበው በተሻለው ነበር። እሱ መሬት መሬት አየ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ የካድሬውን ልብ አራራለሁ ብሎ ፍየል አረደ። ጓድ ሙላት ፍየሉን በላ፣ አመሰገነ፣ ከጎረምሶቹ ግን አንዱንም አልለቀቀም። ግብዣው ያተረፈው ነገር ቢኖር ሰዓት መግደል ነው። የራያ ቆላ ሰው በክረምት ስለ ወንዝ ሲያስብ የራሱን ሰማይ አያይም፤ በምዕራብ በኩል ያለውን ደጋ ነው የሚያየው። ደጋው ጠቁሮ ነበር። እንድሪስ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ካድሬው ወደ ላይ አንጋጦ አየ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። «የምን ዝናብ ነው የምታወራው?» ብሎ አጥንቱን መጋጥ ቀጠለ።

ጎረምሶቹን እጅ ለእጅ በአንድ ገመድ አቆራኝተው ከኋላ ጫኗቸው። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ጠዋት ጠጠሩ ይታይ የነበረው ውሃ ቡና ዓይነት ሆኖ፣ የማሽላ አገዳ ተሸክሞ ይወርዳል። ገና ዋናው ጎርፍ አልመጣም፤ ይሄ የፊት መልእክተኛው ነው። በዚህ ውሃ በደንብ የታሰረ ሞተር ይሻገራል። ያልታሰረ አይሻገርም።

ታሂር ውሃው ዳር አቆመ።

«ጓድ፣ ወንዙ እየመጣ ነው። ተመልሰን መንደር እንደር።»

«እዚህ በረሃ አድሬ ወንበዴ ይብላኝ? ንዳ!»

«እንግዲያው ልጆቹን ይፍቷቸው። አንድ ነገር ቢመጣ...»

«ፈትቼስ? በየጫካው ላባርር?» ጓድ ሙላት ሽጉጡን አወጣ፤ አልደገነውም፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «መኪናዋ እምቢ ካለችም በእግር እንሻገራለን። እነሱም እንደታሰሩ። ባዶ እጄን ብመለስ እኔን ነው የሚልኩኝ፣ ገባህ?» የፈራ ሰው ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከጨካኝ ይብሳል።

ታሂር ኮፈኑን ከፈተ። እጁን ሰድዶ የዲስትሪቢዩተሩን ልብ ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ቢወረውረው መኪናዋ እዚያው ትቀራለች። ከዚያስ? ልጆቹ ተቆራኝተው በእግራቸው ይገባሉ፤ አንዱ ቢያዳልጠው ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ጠዋት እንዳላላው ቢተወው እመሐል ላይ ይጠፋል፤ ያው ነው። የቀረው አጥብቆ ማሰር ነበር። አጥብቆ ካሰረ ደግሞ የእህቱን ልጅ በገዛ እጁ ወስዶ ለጦርነት አስረከበ ማለት ነው።

ቀና ሲል ሰላሁዲን ከኋላ በሸራው ቀዳዳ እያየው ነው። ልጁ ቆላ ያደገ ቢሆንም ዋና አያውቅም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጎርፍ ይፈራል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያ ረቢ» አለ ታሂር፤ ጎማውንም ፈታው።

በሽርጡ ጫፍ ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም አደረቀ። ከወንበሩ ሥር የግሪሱን ቆርቆሮ አውጥቶ ከታቹ በጣቱ ሙልጭ አድርጎ ጠረገ፤ ያን ጠዋት የነፈገውን ወገን ሁለት ጊዜ ደርቦ ቀባው። የካንዴላዎቹን ገመዶች ሥር ሥራቸውን ደፈነ። ጎማውን እንደገና ጠመጠመ፤ ሲባጎውን በጥርሱ ነክሶ ሳበና ቋጠረው። ቺንጊያውን ፈታ። ውሃው ፊት ለፊት እንዳይደበድባት ከፊቷ ፍርግርግ ላይ ጆንያ አሰረላት። እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ዕንባው ግሪሱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዱ ይጠርገው ነበር።

በከባዱ ማርሽ ገባ። ቤንዚኑን ረግጦ ያዘ፤ በዚህ ሰዓት እግሩን ያነሳ ሹፌር ጭስ ማውጫውን ውሃ አጠጥቶ ይቀራል። ውሃው ከጎማው አለፈ፣ በበሩ ሥር ገብቶ ጫማውን ሞላው። መኪናዋ በጎኗ መንሸራተት ጀመረች። እመሐል ሲደርሱ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አለው፤ ደገመ። ከኋላ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ። ጓድ ሙላት ሽጉጡን ረስቶ በሁለት እጁ የበሩን እጀታ ጨምድዷል፤ «ድንግል! ድንግል!» ይላል፤ አብዮቱን የዚያን ጊዜ ማን ያስታውሰዋል።

ጠዋት «ጥፊ» ብሎ የለመናትን መኪና ታሂር አሁን «በነቢ ይዤሻለሁ፣ አትጥፊ፣ አትጥፊብኝ» እያለ በመሪው ላይ ተደፋ። ሞተሩ ሦስተኛ ሊያስል ብሎ ተወው። የፊት ጎማዎቹ ጠጠር ነከሱ። እያቃሰተች፣ ውሃ እያፈሰሰች ዳገቱን ወጣች።

ታሂር መሪውን ሳይለቅ ደረቁ ላይ አቁሟት ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከላይ በኩል ድንጋይ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ መጣ። ዋናው ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ሲደርስ የተሻገሩበትን ቦታ ዋጠው። ሁሉም ወርደው አዩት። ጓድ ሙላት ታሂርን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ታሂርም ሄዶ ቺንጊያውን መለሰ፤ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀበት።

ቆቦ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ምልምሎች የሚገቡበት ግቢ በር ላይ እንድሪስ ገመዱን ፈታላቸው፤ አንድ ወታደርም በተራ ያስገባቸው ጀመር። ሰላሁዲን ተራው ሲደርስ ወደ ሹፌሩ መስኮት ተጠግቶ የታሂርን እጅ ያዘ። እጁ ገና በግሪስ እንደተለወሰ ነበር፤ ልጁ ሳብ አድርጎ ሳመው።

«አያ ታሂር፣ ያን ሞተር ስታስር ሳይህ ነው ልቤ የተመለሰ። ለነዚህም ‘አጎቴ ነው፣ አይጥለንም’ አልኳቸው።» ትንሽ አሰበ። «እማ ትጨነቃለች። ‘አያ ታሂር በደህና አሻገረኝ ብሎሻል’ በላት፣ እሺ?»

«እሺ» አለ ታሂር።

ልጁ ከገባና በሩ ከተዘጋ በኋላም «እሺ፣ እላታለሁ» እያለ ነበር።