የሦስቱ ጨዋዎች ድንጋይ

አንባቢ ሆይ፥ ጨዋ ሰው በጨዋ ወግ ሲገድል፥ የሟች እናት ስለ ወጉ ታመሰግነው ዘንድ ይገባታልን? ትዕቢት ከዘር ጋር ሲወረስና ከርስት ጋር ሲከለል ስሙን ለውጦ ክብር ይባላል፤ ክብር የተባለ ትዕቢት ደግሞ ደም ሲያፈስ እንኳ እጁን የሚያስታጥብ አሽከር አያጣም። በጎሽ ሜዳ ጸንቶ የኖረው ሥርዓትም ይኸው ነበር።

የሸማኔ መበለት የነበረችው እመት ይታክቱ፥ ሐብተ ሥላሴ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። የደጃዝማች ሠርጸ ጽዮን ልጆች፥ ቀኛዝማች መሸሻ፥ ግራዝማች ዘውዱና ባላምባራስ አብተው፥ በመንገድ ቢያገኙት ሸማውን አላደገደገልንም ብለው በሦስት ጦር ወጉት፤ ሊያደገድግ ያልቻለው ለእነርሱው ሠርግ የሠራውን ጥበብ በሁለት እጁ ታቅፎ ስለ ነበር ነው። እናቲቱ ከንጉሡ ችሎት ቆማ «አቤት!» ብላ ጮኸች። ደጃዝማች በዚያው ሰሞን የፋሲካ ቅልጥም አንቋቸው ሞተው ቤቱ ያለ ራስ ቀርቶ ነበርና፥ ንጉሡ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ ከደጃዝማች ቤት አንድ ሰው ድንጋይ በአንገት ተሸክሞ ይሂድ፥ ከእናቲቱም እግር ይውደቅ፤ «ምሬአለሁ» ካለች ደሙ ይድረቅ፥ ካላለች ርስቱ ሁሉ ለደብሩ ይግባ። ከዚያ ቀን ወዲህ እመት ይታክቱ እንቅልፍ አጣች። የፈራችው ጦራቸውን ሳይሆን የገዛ አንደበቷን ነበር፤ ሽማግሌ ሲለምን፥ ካህን ሲገዝት፥ ጎረቤት ሲያለቅስ፥ ያቺ አንዲት ቃል ሳታስባት ከአፏ አምልጣ ልጇን ዳግመኛ እንዳትገድልባት ትሰጋ ነበርና፥ በዳገቱ የሰው ጥላ ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

ወንድማማቾቹ ግን የጨዋ አንገት ለድንጋይ አልተፈጠረም ብለው ጭሰኛቸውን አሸክመው ሰደዱ።

«እመት፥» አለ ጭሰኛው እያለከለከ፥ «በደሉ የጌቶች፥ አንገቱ የእኔ ነው። እባክዎ ቶሎ ይማሩኝና ላውርደው፤ በሬዎቼ ተጠምደው ይጠብቁኛል።»

«አንተ ምን በደልከኝ ልጄ? አውርደውና ውሃ ጠጣ። ለጌቶችህ ግን፥ ኃጢአት በአሽከር አይላክም በላቸው።»

ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ «እንግዲህ ድንጋዩን በገዛ አንገቱ ተሸክሞ ከደጇ የደረሰ፥ እርሱ የአባቱ ማዕረግ ወራሽ ይሁን» አለ። ወዮ! ትናንት እንደ ለምጽ የተሸሸው ድንጋይ ዛሬ እንደ ዘውድ ተናፈቀ። መሸሻ በብኵርናው ሊያነሣው ሲል አብተው «ጋሼ፥ ባዶ ሆድ ሸክም አይችልም» ብሎ በገዛ እጁ ጠጅ ቀዳለት፤ መሸሻም ከደጅ ሳይወጣ ወደቀ። የቀሩት ሁለቱ በማዕረጋቸው ተራ በወግ አልቅሰው ቀበሩትና፥ ድንጋዩን በወሳንሳ ይዘው ከእመት ይታክቱ ጎጆ ፊት ለፊት ካለው የገደል አፋፍ ደረሱ። መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም፤ እርሷም ከደጇ ቆማ ትሰማቸው ነበር።

«ቅደም፥ ወንድሜ።»

«ምን ቆርጦኝ ጋሼ! ታላቅ ሳለ ታናሽ ይቀድማል?»

«ከኋላዬ መሆንህን ነው የማልወደው።»

«እኔም ከፊትዎ መሆኔን።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እጅ ሲነሣሡ ቆይተው በመጨረሻ ጨዋነት አሸነፈ፤ ዘውዱ ቀደመ፥ ከነጨዋነቱም ገደል ገባ። እመት ይታክቱ ይህን አይታ አልተደሰተችም፤ ሦስት ትዕቢተኞችን እምቢ ማለት ይቀላል፥ ብቸኛ የቀረ አንድ ሰው ግን ያሳዝናልና ዳግመኛ ከንፈሯን ነከሰች።

አብተው በአንገቱና በድንጋዩ መካከል የሐር መከዳ አስገብቶ፥ ሽማግሎችንና አንድ አሽከሩን አስከትሎ መጣና ተንበረከከ። የደብሩ አለቃም፥ ርስቱ ለደብራቸው እንዲቀር ልባቸው እየተመኘ፥ በቀጭን ድምፅ «ማሪው እንጂ ልጄ» አሉ።

«እሜትዬ፥ ይማሩኝ፤ እኔም እንደ እርስዎ ብቻዬን ቀረሁ» አለ አብተው።

ከዚያ ቤት ልጆች አፍ «እርስዎ» ስትባል ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንባውም እውነተኛ ነበር። የፈራችው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደረሰ፥ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። አብተው ይህን አይቶ፥ ቃሉ ገና ሳይወጣ፥ ድንጋዩን እንዲቀበለው አንገቱን ወደ አሽከሩ ዘንበል አደረገ።

«አልምርም» አለች፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። «አንተን አልምርም፤ የሞቱትን ወንድሞችህን አልምርም፤ አይታችሁ ዝም ያላችሁ ሽማግሎች፥ እናንተንም አልምርም፤ አለቃ፥ እርስዎንም አልምርም። የወለደች ትምራለች ይላሉ፤ የቀበረች ግን ማንንም አትምርም።»