ሳይረን ሲጮህ ወደ ቦይ

የልጄ ልጅ ናኦሚ «እማማ፣ የድሮ አውሮፕላን ሾው አለ፣ አብረን እንሂድ» ስትለኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሪቻርድሰን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቅዳሜዋን ለእኔ ሰጥታ አታውቅም። ራሷ መጥታ ስትለምነኝ «የአውሮፕላን ድምፅ እፈራለሁ» ልበላት? እኔ? አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ፈራሁ ስል የሰማኝ ሰው የለም፤ ለማንም እንዲህ ያለ ደስታ አልሰጥም።

አባቷ ጌትነት፣ ልጄ፣ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ በር ላይ ተገናኘን።

«እማዬ፣ ከሰዓት ከባድ ነፋስና ዝናብ አለ ብሏል ቲቪው። ዛሬ ይቅርባችሁ።»

«ቲቪው ትናንትም ብሎ ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንተ ገብተህ ተኛ፤ ዓይንህ በርበሬ መስሏል።»

«ናኦሚ፣ ከእማዬ እንዳትለዪ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ፣ ዳዲ!» አለችና መኪናዋን አስነሳች። ከምንኖርበት ከሜስኪት ወጣን።

ሜዳው ላይ እነዚያ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ቀስረው ተደርድረዋል። ፈረንጁ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ቢራውን ይዞ፣ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። ናኦሚ ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው፤ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ትጎትተኛለች።

«ይሄ፣ እማማ፣ ኢንጂኑ ኦሪጂናል ነው! ንኪው!»

«አልነካም።»

«ለምን?»

«ቅባት አለው።»

ቅባቱ አልነበረም።

ከዚያ ተነሡ። እንደ ዛሬዎቹ ሽው ብለው የሚያልፉ አይደሉም፤ ያጓራሉ፣ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ያጓራሉ። አንዱ ሽቅብ ወጣና አፍንጫውን ደፍቶ ሲወረወር ሜዳው ላይ እሳትና ጥቁር ጭስ ብድግ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ፌክ ነው፣ እማማ! ለሾው ነው!» አለች እየሳቀች።

«አውቃለሁ» አልኳት፣ የወንበሩን ብረት ጭምድድ አድርጌ ይዤ። «ትኬት ቆርጦ ቦምብ የሚያይ ሕዝብ ግን እግዜር ልብ ይስጠው።»

በደርግ ጊዜ እኛ አገር አውሮፕላን የሚመጣው በገበያ ቀን ነበር። ሰው የተሰበሰበበትን ነዋ የሚፈልገው። የተረፍነው መላውን ስላወቅን ነው፦ ድምፁን ስትሰማ ከሰው ራቅ፤ ከቤት ራቅ፤ ፈፋ ውስጥ ግባ፤ ነጭ ልብስህን ሸሽግ፤ ልጅ ካለቀሰ አፉን ያዝ፣ አውሮፕላኑ ይሰማል ይባል ነበርና። አንድ ዋርካ ሥር የተጠጉት ሁሉ እዚያው ቀሩ። እኔ የመጨረሻ ልጄን አፍ አፍኜ ፈፋ ውስጥ ዋልኩ፤ ሁለታችንም በሕይወት ተነሣን። ይህን ለናኦሚ ነግሬያት አላውቅም። ምን ያደርግላታል?

ከሰዓት ላይ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሙቀቱ አንገት ያንቃል። በምዕራብ በኩል ሰማዩ በለዘ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ ሰማይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፅ ማጉያው ለፈለፈ፤ አውሮፕላኖቹም ተራ በተራ ወረዱ። አንዱ ብቻ ከደመናው ሥር ይዞራል።

«ሾውን ካንስል አደረጉት» አለች ናኦሚ ቦርሳዋን እያነሣች። «ቶርኔዶ ሊመጣ ይችላል፤ ሁሉም ሰው ወደዛ ሕንፃ ይግባ ነው የሚሉት። ና፣ እማማ!»

«ና የሚባለው ለወንድ ነው።»

«ሶሪ፣ ነይ! ፍጠኚ!»

ሕዝቡ በሜዳው ዳር ወዳለው የኮንክሪት ሕንፃ ይተማል። እኔም ከናኦሚ ጋር መሄድ ጀመርኩ። ያኔ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ።

ከምድር ነው ከሰማይ አይታወቅም፤ ረዥም፣ እየወጣ እየወረደ ያለቅሳል። በላዩ ላይ ያ የቀረው አውሮፕላን እያጓራ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። እግሬ አሰበ። ፊት ለፊቴ ያየሁት ሺህ ሰው አንድ በር ላይ ሲጋፋ ነው፤ ደግሞም የእኔን ልጅ ወደዚያ ሊከቱብኝ! የናኦሚን እጅ ጨብጬ ወደ ኋላ ዞርኩ።

«እማማ! ወደዛ አይደለም!»

«ዝም ብለሽ ሩጪ!»

«ሰዎቹ በዚህ ናቸው!»

«ለዚሁ ነው የምንሸሸው!»

እሷ ስፖርተኛ ናት፤ ግን የእኔ ክንድ ወፍጮ ሲፈጭ ያደገ ነው፤ አላስለቀቀችኝም። የሜዳውን አጥር ይዞ የሚሄድ ጥልቅ ቦይ ነበር፤ ቦዩም ከመንገዱ ሥር በሰፊ ቱቦ ያልፋል። ገፍቼ ቱቦው ውስጥ ከተትኳት፤ እኔ አፉ ላይ ተጋደምኩ። ነጠላዬን ገፍፌ ሆዴ ሥር ጭቃው ውስጥ ደበቅኩት።

በረዶ መጣ። ዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ። ጀርባዬን ይደበድበኛል፤ እኔ ግን አውሮፕላኑን ነው የማዳምጠው።

«እማማ፣ ቶርኔዶ ነው! ማንም ምንም እየጣለ አይደለም! ነፋስ ነው!»

«ዝም በይ! ይሰማናል!» ብዬ አፏን ያዝኩት።

በመዳፌ ሥር ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓይኗን አየሁት። ልጅቷ የፈራችው ሰማዩን አልነበረም። እኔን ነበር።

እጄን አነሣሁ። ወዲያው ጉልበቴን አንድ ነገር በረደኝ። ጎርፉ ነው። ቡናማ፣ ሣርና የቢራ ቆርቆሮ ተሸክሞ፣ ከሜዳው ሁሉ ወደዚያች ቦይ ይወርዳል። «ውጪ!» አልኳት። መጣች፣ መጣችና ቆመች።

«እግሬ! እማማ፣ እግሬን ያዘኝ!»

ቱቦው ውስጥ የተጠቀለለ የአጥር ሽቦ ኖሯል፤ ቦት ጫማዋን ከነሱሪዋ ጠልፎ ይዟታል። ጎተትኩ። ጮኸች። ስልኳ ከኪሷ ወጥቶ ውሃው ወሰደው። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን በእጄ ፈለግሁት፤ መዳፌን ሰነጠቀው እንጂ አልላላም። ውሃው ወገቧ ደረሰ።

«ሰው ጥሪ!» አለችኝ። «እማማ፣ እባክሽ ሰው ጥሪ!»

ሰው ለመጥራት መነሣት አለብኝ። ገላጣ ሜዳ ላይ ለብቻዬ መቆም። አውሮፕላኑም ይኸው እየቀረበ ነው፤ ድምፁ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል። ገላዬን ተነሥ አልኩት፤ አልሰማኝም። እንደ ሌላ ሰው ሬሳ ከበደኝ። ናኦሚ በእንግሊዝኛ እናቷን መጥራት ጀመረች፤ ውሃው ደረቷ ላይ ነበር።

ተነሣሁ።

«ኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!» እያልኩ ነጠላዬን ከነጭቃው እያውለበለብኩ ሮጥኩ። ነፋሱ ጩኸቴን ከአፌ እየነጠቀ ይወስደዋል። ሜዳው መሐል ስደርስ አውሮፕላኑ ከደመናው ወጣ። ዝቅ አለ፤ እየወረደ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ጥርስ ሥለውበታል። ልተኛ አልኩ። ጉልበቴ ታጠፈ፣ መዳፌም መሬት ነካ። ብተኛ ግን ማን ይሄድላታል? በአራት እግሬ ዳኽኩ፣ ተነሥቼ ሮጥኩ፣ በላዬ ሲያልፍ የሞትኩ መሰለኝ፤ ቀሚሴንም አረጠብኩ። ልደብቀው? አረጠብኩ። እሱ ኋላዬ በሣሩ ላይ አረፈና ጎማውን እያንሸራተተ ሄደ፤ ለካ የሚያርፍበትን ብቻ ሲፈልግ ኖሯል።

የሕንፃው በር ላይ አንድ ግንድ የሚያህል ፈረንጅ ቆሟል። ቀበቶውን ያዝኩት።

«ልጄ! ውሃ! ልጄን ውሃ በላብኝ!»

የገባው ነገር የለም። ትከሻዬን ይዞ ወደ ውስጥ ሊያስገባኝ ይታገላል፤ እኔ ቀበቶውን እንደ በሬ ማሰሪያ ይዤ ወደ ውጭ እጎትታለሁ። ደም የሚንጠባጠብ እጄን ደረቱ ላይ ለጠፍኩና ወደ ቦዩ ጠቆምኩ። ያኔ ገባው። ጮኾ ሰው ጠራ፤ ሦስት ሆነው፣ አንዱ የተሰነጠቀ መዳፌን አይቶ ትልቅ የሽቦ መቁረጫ ይዞ፣ ከፊቴ ሮጡ።

እኔ ስደርስ ከውሃው በላይ የሚታየው የናኦሚ አገጭና ሁለት እጇ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ጠልቆ ገባ። ወጣ፤ ተንፍሶ እንደገና ገባ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ያኔ የጠራሁት ታቦት ብዛት ለአንድ አገር ይበቃል። ድንገት ናኦሚ እንደ ቡሽ ብድግ አለች፤ በብብቷ ይዘው አወጧት፣ አንድ እግሯ ባዶ።

ሕንፃው ውስጥ ብርድ ልብስ አለበሱን። ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ዙሪያችን ሰው በሰው ላይ ነው፤ የሚያለቅስ፣ የሚጸልይ፣ ቺፕስ የሚበላ። ናኦሚ ጥርሷ እየተፋጨ እጄን በመሐረብ ታሥራለች።

«እማማ፣ አብደሻል» አለችኝ።

«የእብድ ጉልበት ነው የሮጠልሽ።»

ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ፀጉሯን ዳበስኩት፤ ጭቃ ነው።

ከዚያ ሳይረኑ እንደገና ጮኸ።

ከመጀመሪያው ይከፋል። መብራቱ ጠፋ። የብረቱን በር ዘጉት፤ ከውጭ አንድ ነገር እያገሳ ይመጣል፤ አውሮፕላን ይሁን ነፋስ እንዳትጠይቁኝ። እግሮቼ ወደ በሩ ለመሮጥ ተሰበሰቡ። አውቃቸዋለሁ፤ እኔን አይጠይቁም፤ ከሄዱ ደግሞ ይህችን ልጅ ይዘው ነው የሚሄዱት። እጄ ሳላዝዘው አንጓዋን ጨብጦ አገኘሁት።

«ናኦሚ።»

«ወዬ?»

«ጭኔ ላይ ተቀመጪ።»

«ምን?»

«ተቀመጪብኝ! በሙሉ ክብደትሽ። ፈርቻለሁ። ልነሣ ስል ብታይኝ፣ ብለምንሽም፣ ብሰድብሽም እንዳትነሺ።»

በጨለማው ፊቷ አልታየኝም። ያ ረዥም ገላዋ መጥቶ ጭኔ ላይ አረፈ፤ አንገቴንም አቀፈች። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ አቧራ ከጣሪያው ይዘንብብናል። ልነሣ ታገልኩ። ሰደብኳት፤ ለእህል ነጋዴ እንኳ የማይባል ስድብ።

«ኖ፣ እማማ» አለችኝ በጆሮዬ፣ ይበልጥ እየከበደችኝ።